ሙጂባና ውሃ የማይወደው ዱቄት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሼህ አብዱልሰመድን ምርቃት ያልቀመሰ ነገር ቢፈለግ ሐይቁ ራሱ ብቻ ነው፤ እሱም ውሃ ስለማይጎድለው ነው እንጂ ተረስቶ አይደለም። አዲስ ባጃጅ የገዛ መጀመሪያ የሚነዳው ወደ እሳቸው ደጅ ነው። ሙሽራ ስትወጣ፣ ላም ስትወልድ፣ ልጅ ለፈተና ሲቀመጥ፣ ዓረብ አገር የሚሄደው ቪዛው ሲመጣለት፣ ሁሉም ፊታቸው ጎንበስ ይላል። እሳቸውም መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓቸውን ያወርዱና መጨረሻ ላይ «እንትፍ! እንትፍ! ያለምልምህ!» ይላሉ። እንትፉ የይምሰል አይደለም። ሁለቱ የፊት ጥርሶቻቸው ከወለቁ ወዲህማ ከበልግ ካፊያ አይተናነስም። ስለ ትልቅ ሰው ሲነገር «ምራቁን የዋጠ» ይባላል፤ ሼህ አብዱልሰመድ ግን ትልቅ ሰው የሆኑት ምራቃቸውን ባለመዋጣቸው ነው።

የእኚህ ሰው ልጅ ናት እንግዲህ፣ ጠብታ ውሃ ከነካው በሚሞት ዱቄት ኑሮዬን እመራለሁ ብላ የተነሳችው።

ሙጂባ የተወለደችው አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካሉት መንደሮች ባንዱ ነው። እናቷ ቀድማ ስለሞተች አባቷ ይዘዋት ወደ ሐይቅ ከተማ ገቡ። ስምንተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ ጨረሰች። ዘጠነኛን ግን አላየችውም። አንድ ደላላ ዕድሜዋ ላይ ስምንት ዓመት ጨምሮ ፓስፖርት አወጣላት፤ በዚህ አገር ልጅ ቶሎ የሚያድገው ደላላ እጅ ላይ ነው። ለአባቷ አልነገረችም። ሼሁ የሰሙት ከሪያድ በተደወለ ስልክ ነው። አገር ምድሩን መርቆ የሚሸኝ ሰው የገዛ ልጁን ሳይመርቅ ሸኘ። ነገሩ ጉሮሯቸው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ።

ሳዑዲ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በሰው ቤት አሳለፈች። ስለዚያ ዘመን ሲጠይቋት «ተይው፣ ረጅም እንቅልፍ ነው» ትላለች፤ ያልተኛችበት ዘመን መሆኑን ግን ዓይኗ ይናገራል። ከዚያ አንድ የጽዳት ድርጅት ቀጠራትና ወደ አንድ የምርምር ተቋም ላካት። እዚያ አንድ ክፍል ውስጥ ከጎኑ ሁለት ረጃጅም የጎማ እጆች ወደ ውስጥ የተዘረጉበት የመስታወት ሳጥን አየች። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን የሚያሳድጉበት መስሏት በአክብሮት ተጠጋች። ውስጡ ያለው ግን ጥቁር ዱቄት ነበር።

«ይህን ክፍል በእርጥብ እንዳትወለውይው» አላት ቴክኒሻኑ፣ አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ። «እዚህ ውሃ ጠላት ነው።»

መወልወል ሥራው የሆነ ሰው ውሃ ጠላት ነው ሲባል ሰምቶ ዝም አይልም። ለምን አለችው። ነገራት። በማግሥቱም ለምን አለችው። አምስት ዓመት ሙሉ ለምን አለችው። ሽማግሌውም ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ተማሪዎቹ ስልካቸውን ሲነካኩ፣ ደረቅ መጥረጊያ የያዘችውን ሴት ያስተምር ነበር።

ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን፣ በ2011 መጀመሪያ፣ ከተመላሾቹ ጋር አውሮፕላን ላይ ጭነው አመጧት። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ባንዲራ፣ አበባና ንግግር ነበር። «አገራችሁ ትፈልጋችኋለች» አላቸው አንዱ ባለሥልጣን። ከንግግሩ በኋላ የሚፈልጋት ሰው ስለጠፋ ሙጂባ በራሷ አውቶቡስ ተሳፍራ ወሎ ገባች። ሦስት መሥሪያ ቤት ደጅ ጠናች፤ ሦስቱም «ማስረጃሽ የታለ?» አሏት። ያየችው፣ የነካችው፣ በአምስት ዓመት የተማረችው ሁሉ ማኅተም አልነበረውም። በመጨረሻ ደሴ ያለ አንድ ኮሌጅ በጽዳት ቀጠራት። ስሙ ይቅር፤ ኮሌጁ ራሱ ዛሬም አልተማረም።

መምህር መልአኩን ያገኘችው እዚያ ነው። መልአኩ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ለዶክትሬቱ ከሶዲየም ባትሪ ለመሥራት ይታገል ነበር። «ከምንበላው ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም እኮ ነው፣ አፋር ሜዳ ላይ ተዘርግቶልን!» እያለ ግድግዳውን ሳይቀር ይሰብካል። ሥራው ሲታይ የጓዳ ነገር ይመስላል። ጥቁሩ ዱቄት ከጥላሸት መሰል ካርቦንና ከማጣበቂያ ጋር ይለወሳል። ሊጡ አልሙኒየም ወረቀት ላይ እጅግ ስስ ተደርጎ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በመብሻ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ እየሆነ ይቆረጣል። እነዚያ ክቦች ኤሌክትሮድ ይባላሉ፤ ባትሪው ጉልበቱን የሚያስቀምጠው እነሱ ላይ ነው። ችግሩ ዱቄቱ ሌባ መሆኑ ነው። ከአየር ላይ ውሃ ይሰርቃል፤ የሰረቀ ዕለት ሊጡ ይጓጉላል፣ ባትሪውም ሳይወለድ ይሞታል።

መልአኩ ለሦስተኛ ጊዜ ሊጡ ጓጉሎበት ራሱን ይዞ ቆሟል። ሙጂባ በር ላይ መወልወያዋን ተደግፋለች።

«ዱቄትዎ ውሃ ጠጥቷል፣ መምህር።»

«ምን አልሽ?»

«ውሃ ጠጥቷል። ትናንት ክዳኑን ሳያጠብቁት ነው የሄዱት። ጠዋት ሳጸዳ አይቼዋለሁ።»

«አንቺ ደሞ ስለዚህ ምን ታውቂያለሽ?»

«እኔማ ምን አውቃለሁ! ብቻ የእርስዎ ሊጥ ረግቷል፣ የእኔ እውቀት ገና አልረጋም።»

መልአኩ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ደግሞ ጠየቃት። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሳዑዲ ያየችውን በመሰለ የኮሌጁ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ኤሌክትሮዶቹን የምትሠራው ሙጂባ ሆነች። ደብተሩ ላይ ግን «ጽዳት» ተብላ ትፈርማለች። የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ መዝገቡ ይህን ያውቃል፤ ቢሆንም እሱ ዘንድ እጅ የሠራው ሳይሆን ወረቀት የመሰከረው ነው እውነት።

ጦርነቱ በ2014 ጥቅምት ወደ እነሱ ቀረበ። የውጫሌና የአምባሰል ሰው ፍራሹን በራሱ ላይ፣ ልጁን በጀርባው አድርጎ በሐይቅ መንገድ ሲጎርፍ ሰነበተ። ደሴ ላይ የኮሌጁ ኃላፊዎች በመሥሪያ ቤቱ መኪና ቀድመው ወጡ። መኪናው ላይ የሚሽከረከሩ ወንበሮችና አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ተጭነዋል። ለሁለት ብልቃጥ ዱቄት ቦታ የለም ተባለ። ዓለም ሁሉ ወደ ደቡብ ሲሸሽ ሙጂባ ብልቃጦቹን በፎጣ ጠቅልላ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቅ ተመለሰች፤ አባቷ «ከመስጊዴ አልነቃነቅም» ብለዋልና።

ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች ቤት ለቤት ሲፈትሹ አንዱ ጎረምሳ እሷ ጋ ገባ። ደክሞታል፣ ጫማው አፉን ከፍቷል። ከአልጋው ሥር ብልቃጦቹን አወጣና አንዱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው።

«ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» አለና ክዳኑን ያዘ።

ቢከፍተው አለቀ። ባሩድ አይደለም ብትለው አያምናት፤ ለባትሪ ነው ብትለው ደግሞ የመገናኛ ሬድዮ ፍለጋ ቤቱን ሊያፈርሰው ነው። ሙጂባ እጇን አጣመረች።

«ክፈተው። ግን ስምህንና የእናትህን ስም ጠርተህ ክፈት።»

የጎረምሳው እጅ ቆመ። «ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ! የሰጠኝ ሰውዬ እንዲህ ነው ያለኝ። ባለፈው ሳይጠራ የከፈተው ልጅማ…» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ምን ሆነ?»

«አትጠይቀኝ፣ እናት አለችህ።»

ጎረምሳው ብልቃጡን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ መለሰው፤ እጁንም ሱሪው ላይ ጠረገ። ስልኳንና ሁለት ዶሮ ግን የማንንም ስም ሳይጠራ ወሰደ።

ከጓዳ የሰሙት ሼሁ ብቅ አሉ። «ሙጂባ! ጥንቆላ ሐራም ነው!»

«ወላሂ አባየ፣ ምንም አልጠነቆልኩም። ስሙን ነው የጠየቅኩት።»

ኅዳር ሲያልቅ ጦሩ ለቆ ሄደ። ኮሌጁ ውስጥ የቀረው ግድግዳ ነበር። የመስታወቱ ሳጥን ተከስክሷል፤ የጎማ እጆቹን ሳይቀር አንድ ሰው ወስዷቸዋል፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያልተወሰደው የማድረቂያ ምድጃው ነው፤ ከብዷቸው ደረጃው ላይ ጥለውታል። ከሁለቱ ብልቃጦች አንዱ በመንገድ ላይ ክዳኑ ስለተሰነጠቀ ተበላሽቶ ነበር። የቀረው ዱቄት ሠላሳ ክብ ይወጣዋል፣ ከዚያ አያልፍም።

ዱቄቱን የሚልክላቸው አዲስ አበባ ያለው አጋር ቤተ ሙከራ ደግሞ ሠላሳ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይድረሰኝ ብሏል። ሠላሳው ቢሠራ ጥናቱ ለሦስት ዓመት ይቀጥላል፤ አንድ የቴክኒሻን መደብም ይዞ ይመጣል። መልአኩ ሙጂባን ይዞ መዝገቡ ቢሮ ገባ።

«ስምንተኛ ክፍል?» አለ መዝገቡ፣ የተሸነቆረ ነገር እንዳየ ሰው። «መደቡ ዲፕሎማ ይጠይቃል።»

«ዱቄቱ አይጠይቅም» አለች ሙጂባ።

መልአኩ በክርኑ ጎሸማት። ብዙ ከተባለ በኋላ መዝገቡ አንድ ቃል ሰጠ። ሠላሳዎቹ አዲስ አበባ ተፈትነው ካለፉ በልዩ ሁኔታ ይታያል፤ ካላለፉ ወደ መወልወያዋ ትመለሳለች፣ ሁለተኛም አይነሳም። የክፍል ቁልፍ ግን ያለ ዲፕሎማ አይሰጥም። የተዘረፈ ክፍል ቁልፍ ነው እንግዲህ የተከለከለችው! ለጽዳት ሲሆን ሁሉንም በር ከፍታ የምትገባ ሴት፣ ለእውቀት ሲሆን በር ተዘጋባት።

ምድጃውን በሚኒባስ አስጭነው ሐይቅ አስገቡት። ሳጥኑን ራሷ ሠራችው። መስታወቱ ከተዘረፈ የመድኃኒት መደብር መደርደሪያ የተገኘ ነው። ጓንቶቹ የከብት ማዳቀያ ባለሙያ የሚያጠልቃቸው፣ እስከ ብብት የሚደርሱ ናቸው፤ ድርብርብ አድርጋ አጣበቀቻቸው። አየር መምጠጫው የሞተ ፍሪጅ ሞተር ነው። የእርጥበት መለኪያው ጫጩት ከሚያስፈለፍል ጎረቤት የተገኘ ነው። ሰፈሩ ወሬውን ቀጠለ።

«ሙጂባ መስታወት ውስጥ ምን ታሳድጋለች?» ትላለች ጎረቤቷ ረቢያ።

«ባል» ትላታለች ሙጂባ። «ሲደርቅ አሳይሻለሁ።»

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ደረቅ ክፍል መያዝ በዝናብ መሐል ሽሮ ማስጣት ነው። ጠዋት ከሐይቁ ጉም ይነሳል። አባቷ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ያደርጉና ከክንዳቸው ውሃ እየተንጠባጠበ ያልፋሉ። በራፏ ላይ ፎጣ ሰቀለችላቸው፤ ሳይደርቁ ማለፍ ክልክል ነው። ይህን ሁሉ ሼሁ በትዕግሥት ተቀበሉ። አንድ ነገር ግን ከነከናቸው።

«ያን ነገር ልመርቅልሽ» ይላሉ በየቀኑ።

«አባየ፣ አንቱ በሩቁ ይመርቁት። ዱዓን ርቀት አያግደውም።»

«ዱዓን አያግደውም። እንትፉን ግን ያግደዋል።»

ሠላሳው ያለቀው ረቡዕ ዕለት ነው። ስድስቱ ሳጥኑ ውስጥ ናቸው። ሃያ አራቱ በሁለት ትሪ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆነው፣ አየሩ ተመጥጦ በተዘጋው ምድጃ ውስጥ እየበረዱ ነው። የሚታሸጉባቸው ጠርሙሶች ደሴ መልአኩ ጋ ስለነበሩ ሙጂባ በሩን ዘግታ በጠዋት ወጣች። ቁልፉን ለአባቷ ሰጠች። ለሌላ ለማን ትስጥ?

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ በራፉ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። አንዱ አባቷ ናቸው። ሌላው የሰፈሩ ቄስ አባ ኃይለ መስቀል ናቸው፤ ሁለቱ ጠበኛ ሲያስታርቁ አርባ ዓመት አብረው ያረጁ ጓደኛሞች ናቸው። በአባ ኃይለ መስቀል ጉልበት መሐል አንድ ባዶ ሀይላንድ ቆሟል። ሁለቱም እንደ ዳሩ ሰው ፊታቸው በርቷል።

«እንኳን ደስ ያለሽ!» አሉ ሼሁ። «ጨርሰንልሻል።»

ሙጂባ የያዘቻቸውን ጠርሙሶች መሬት ላይ አኖረች። «ምኑን?»

«ምርቃቱን ነዋ! የላይኛውን ትሪ እኔ። የታችኛውን አባ ኃይሌ። ሥራው ለአገር ነው ብለሽ የለ? አገር ደግሞ የሁለታችንም ነው።»

«ጠበሉ የዛሬ ነው» አሉ አባ ኃይለ መስቀል በትሕትና። «ንጹሕ ነው፣ አትስጊ።»

«ምድጃውን… እንዴት ከፈታችሁት?»

«በጎን ያለችውን ቁልፍ ጠመዘዝናት። ፍሽሽሽ አለ። እኔም ለአባ ኃይሌ፣ ስማ፣ አሚን እያለ ነው አልኩት።»

ገብታ አየች። የላይኛው ትሪ ላይ ክቦቹ በደቃቅ ጠብታ ተነቁጠዋል። የታችኛው ላይ ውሃው ወርዶ፣ ጥቁሩ ፊት ላይ ነጫጭ እድፍ መታየት ጀምሯል። የስድስት ወር ድካም፣ በጦር መሐል የተሸሸገ ዱቄት፣ የሦስት ዓመት መደብ፣ ሁሉም ታጥቧል። ልትጮህ ወጣች። አፏን ከፈተች።

«ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ስድስቱ ቀርተዋል» አሉ ሼሁ ቅር እንዳላቸው። «እጄንስ ከተትኩት። አፌን የማገባበት ግን አጣሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንችን ሳልመርቅ ሄድሽብኝ። ያን ሁሉ ዓመት ምን እንዳገኘሽ አልነገርሽኝም፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩሽ። ይሄንንም እንዲሁ ልሸኘው?»

ሙጂባ አፏን ዘጋች። ተመልሳ ገብታ በሩን ቆለፈች፣ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀበረች። ረቢያ በግድግዳው የሰማችው ድምፅ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ለይታ መናገር አልቻለችም።

መልአኩ ሐሙስ ጠዋት ደረሰ። አየ። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እንደገና እናድርቃቸው» አለ በመጨረሻ። «በዓይን አይለዩም። ማን ያውቃል?»

«ዱቄቱ ያውቃል።»

ስልኩን አውጥቶ ለመዝገቡ ደወለና ድምፁን ለሁለቱም ከፍቶ ነገሩን አስረዳ። መዝገቡ እስከ መጨረሻው እንኳ አልሰማውም።

«ቆጥራችኋል? ሠላሳ ናቸው?»

«ሠላሳ ናቸው፣ ግን…»

«ቅጹ ሠላሳ ነው የሚለው። እርጥብና ደረቅ የሚል ሣጥን የለውም። ላኩና አገላግሉኝ!»

ይህች አገር የሞተችው እንዲህ እየተባለ ነው። ትምህርት ቤቱ ተሠርቷል፣ ጣሪያ የለውም እንጂ። ውሃው ገብቷል፣ ቧንቧው ደረቅ ነው እንጂ። ሠላሳ ተብሎ ይላካል፣ ሠላሳ ተብሎ ይፈረማል፣ ሠላሳ ተብሎ ይጨበጨባል። ሙጂባ ስልኩን ከመልአኩ እጅ ወስዳ ዘጋችው።

«የሞተ ነገር ደህና ነው ብዬ አልልክም። ሃያ አራቱም ይሄዳሉ፣ ግን ስማቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት።»

«ምን ስም?»

«ቆይ። መጀመሪያ ምስክር ልስማ።»

ወጥታ ሁለቱን ሽማግሌዎች ወንበር ላይ አስቀመጠች። ደብተርና እርሳስ ያዘች።

«አባየ፣ ከየት በኩል ነው የጀመሩት?»

«በቀኝ ነዋ! በግራ የሚጀምር ማን አለ?»

«ስንት ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ሦስት። ከልቤ ነው፣ ማንንም አላበለጥኩም።»

«አንዱንም አልዘለሉም?»

«ምን በደለኝና እዘላለሁ?»

«አባ፣ አንቱስ ጠበሉን እንዴት ረጩት?»

አባ ኃይለ መስቀል ጥያቄው ገረማቸው። «በትእምርተ መስቀል ነዋ ልጄ፣ ሌላ እንዴት ይረጫል? ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ።»

የሙጂባ እርሳስ ቆመ። ገብታ የታችኛውን ትሪ በአጉሊ መነጽር አየችው። እውነታቸውን ነው። ነጩ እድፍ መሐሉን አቋርጦ መስቀል ሠርቷል፤ አራቱ ማዕዘን ላይ ያሉት አራት ክቦች ከጎናቸው ከፈሰሰው ጠበል የተነሳ እርጥብ አየር ካልሆነ በቀር ጠብታ አላገኛቸውም። ለእያንዳንዱ ክብ ቁጥር ሰጠች። እያንዳንዱን ለየብቻ አሸገች። ከዚያ በስምንተኛ ክፍል ጽሕፈቷ አንድ ወረቀት ሞላች፦ ከሳጥኑ የወጡት ስድስቱ ይሠራሉ። ከታች አራቱ የማዕዘን ልጆች ይታመማሉ እንጂ ቶሎ አይሞቱም። መስቀሉ ያረፈባቸው ስምንቱ አሥር ጊዜ በኤሌክትሪክ ሳይሞሉ ይሞታሉ። የላይኛው ትሪ አሥራ ሁለቱም ይሞታሉ፤ በቀኝ ያሉት ቀድመው፣ በግራ ያሉት ዘግይተው፣ የመራቂው አፍ እያደር ስለሚደርቅ። የእርጥበቱ ምክንያት በሚለው ቦታ «ምርቃት» ብላ ጻፈች።

«ይሄን አልክም» አለ መልአኩ። «ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። ከሳቁ በኋላ ይለኩት።»

ዓርብ ተላከ። መዝገቡ የወረቀቱን ቅጂ አይቶ ራሱን ሊስት ደረሰ፤ ግን መናኸሪያ ከመድረሱ በፊት አውቶቡሱ ሄዷል።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሙጂባ የጻፈችው እንዳለ ሆኗል። ቀኙ ቀድሞ ሞቷል፣ ግራው ዘግይቷል፣ የማዕዘኖቹ እያቃሰቱ አሉ። የተሳሳተችው በአንድ ብቻ ነው። ይሞታል ያለችው የላይኛው ትሪ ሰባተኛ፣ ከስድስቱ እኩል እየሮጠ ነው። ስህተቱ አላስተኛትም። አባቷን ልትጠይቅ ደግሞ እውነቱን ልትነግራቸው ግድ ሆነ። ፎጣው አጠገብ ተቀምጣ ከመጀመሪያው አንስታ ነገረቻቸው።

ሼሁ ፎጣውን አውርደው አጣጠፉት። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

«ስምንቱን እኮ አባ ኃይሌ ናቸው።»

«ያ ረቢ!» አሉ፤ ግን ጢማቸው ሥር ከንፈራቸው ተነቃነቀ። ከዚያ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ሰባተኛው… እሱ ላይ ስደርስ አፌ ደርቆብኝ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ከስምንተኛው ሳልቀጥል አልቀርም። ለካ በድዬው ኖሯል።»

ሙጂባ መሬት ላይ ተንከባለለች። ሳቋ ሲያልቅ እንባዋ ቀጠለ። ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ።

«ለካ ዕቃ አይመረቅም። ነይ ወዲህ፣ አንችስ ብትረጥቢ አትሞችም።»

ጎንበስ አለች። አሥራ አንድ ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ አናቷ ላይ ወረደ፤ ዝናቡ የቀኝ የግራ አላለም።

መዝገቡ ግን ዲፕሎማዎቹን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ይጠብቃት ነበር። «ከሠላሳ ሰባት!» አለ። «ሃያ ሦስት በመቶ። ወድቀሻል። ተመዝግቧል።»

«ከሠላሳ ሃያ ዘጠኝ ነው» አለ መልአኩ። «ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚተርፍ ሳይፈተን የጻፈ ሰው በዚህ ኮሌጅ ካለ አሳየኝ። እኔ ራሴ አልችልም።»

«መመሪያው…»

መልአኩ ከአዲስ አበባ የመጣውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ደብዳቤው አጭር ነበር። የእርጥበትን ጉዳት በዚህ ዓይነት ለይቶ ያሳየ መረጃ ከዚህ በፊት አልደረሰንም፤ ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ሳጥኑን ይያዝ፤ ሌላ ሰው ከያዘው ቀጣዩን ዱቄት አንልክም። መዝገቡ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ገልብጦም ጀርባውን አየው። ከዚያ በልዩ ሁኔታ፣ ለሦስት ወር፣ «ረዳት ዕቃ ጠባቂ» ብሎ ፈረመ። ቴክኒሻን የሚለውን ቃል እጁ እምቢ አለው። ሙጂባ ወረቀቱን አንብባ «ቁልፉስ?» አለች። መዝገቡ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረላት።

አዲሱ ሳጥን በሐምሌ ተተከለ። በዚያው ሳምንት፣ ዝናቡ ደሴን እየቀጠቀጠ፣ መዝገቡ ከላይ የመጡ አምስት እንግዶች አስከትሎ የክፍሉን በር ገፋ። ከካፖርቱ ውሃ ይፈሳል። ጃንጥላውን እንደያዘ አንድ እግሩን አስገብቷል።

«ይህ እንግዲህ ኮሌጃችን በራሱ አቅም ያስገነባው…» ብሎ ጀመረ።

ሙጂባ እጆቿን ከጎማ እጆቹ ሳታወጣ ቀና አለች። «ይውጡ።»

«ምን?»

«ጃንጥላው ውጪ። ጫማው ውጪ። መጀመሪያ ግን እርስዎ ውጪ።»

እንግዶቹ ተያዩ። የመዝገቡ ጆሮ ቀላ። «በማን ትእዛዝ ነው?»

ሙጂባ በአገጯ ግድግዳው ላይ ያለውን መለኪያ አሳየችው። ቁጥሩ እያዩት ይወጣ ነበር።

«እኔ እኮ ነኝ የፈረምኩልሽ!»

«አላህ ይስጥልኝ። ካፖርትዎ እየተንጠባጠበ ነው።»

መዝገቡ እግሩን ወደ ኋላ መለሰ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ፣ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ። የቀሩትም ተከተሏቸው። ሙጂባ አንድ በአንድ እስኪደርቁ ቆጥራ አስገባቻቸውና በሩን ዘጋችው። መዝገቡ የአምስት ሰው ጃንጥላ ታቅፎ ኮሪደሩ ላይ ቀረ።